ዲጂታል ካሜራና ቪዲዮ በአንደኛ ደረጃ ክፍል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደብረ ብርሃን፣ በመንዝ፣ በጅሩ፣ በይፋትና በምንጃር ከሚያስተምሩ መምህራን ጋር በተገናኘሁ ቁጥር ስለ ካሜራ የሚነሡት ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የሚያስተምር ሰው ነገ ጠዋት ሊሠራባቸው በሚችል መልኩ መልሶቹን ጽፌአለሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፤ ካሜራው ከመምህሩ እጅ ወጥቶ ተማሪው እጅ እስካልገባ ድረስ ለትምህርቱ የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው።

መጽሐፍ ለሁሉም ባልተዳረሰበት ትምህርት ቤት ካሜራ ቅንጦት አይደለም?

መጽሐፍና ካሜራ ለምርጫ ከቀረቡ መጽሐፍ ይቅደም፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቆለፈ ካሜራ ያላቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። የሚወጣው ለወላጆች በዓል ወይም እንግዳ ሲመጣ ነው። ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ ማርጀቱ ያሳዝነኛል።

ካሜራ ለልጅ የሚሰጠው ትልቁ ነገር የመምረጥ ኃላፊነት ነው። ግቢው ውስጥ ከሚታየው ሁሉ አንዱን ለይቶ አንሥቶ ሲመለስ «ለምን ይህን መረጥህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ስለ በግ ድርሰት ጻፍ ሲባል «በግ የቤት እንስሳ ነው። አራት እግር አለው» ብሎ የሚያቆም ልጅ፣ ራሱ ያነሣው ፎቶ ፊቱ ሲቀመጥለት የበጓን ላት ስፋት፣ በጆሮዋ ላይ ያለውን ምልክት፣ ከኋላዋ የቆመችው ግልገል የማን እንደሆነች ሳይቀር ይጽፋል። የጓደኛው ፎቶ ላይ «ይህ እኮ አይታይም» ብሎ ይሟገታል። ይህ ሙግት ከየትኛውም የቃላት መልመጃ ይበልጥ ቋንቋ ያስተምራል።

ስንት ሜጋ ፒክስል ያለው ካሜራ እንግዛ?

የሜጋ ፒክስል ቁጥር፣ ማለትም ፎቶው ስንት ሚሊዮን ነጥብ እንደሚይዝ የሚናገረው፣ አያስጨንቃችሁ። የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው ዲጂታል ካሜራ 0.01 ሜጋ ፒክስል ብቻ ነበረው፤ አንዱን ጥቁርና ነጭ ፎቶ በቴፕ ካሴት ላይ ለመመዝገብም 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ዛሬ በኤ4 ወረቀት በደህና ጥራት ለማተም 4 ወይም 5 ሜጋ ፒክስል ይበቃል። 1024 በ768 ነጥብ በሚያሳይ የክፍል ፕሮጀክተር ለማየት ደግሞ አንድ ሜጋ ፒክስል እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከውጭ አገር ዘመድ በስጦታ የመጣ አሮጌ ካሜራ አይናቅ።

አሮጌውን ስትቀበሉ ግን ካርዱንና ባትሪውን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ከ2006 በፊት ከተሠሩት ብዙዎቹ ከ2 ጊጋ ባይት በላይ የሆነ ሚሞሪ ካርድ አያነቡም፤ ዛሬ ገበያ ላይ በብዛት ያለው ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ለራሱ ብቻ የተሠራ ባትሪ ያለው ካሜራ ባትሪው ከሞተ ምትክ ማግኘት ያስቸግራል። በቀጫጭን ባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ግን እንደ መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ ባሉ ከተሞችም ባለ ሱቁ ጋር ይገኝለታል። ተራው ድንጋይ ቶሎ ስለሚያልቅ ቻርጅ የሚደረገውን ከነቻርጀሩ መግዛት ያዋጣል።

የመምህሩ ስልክ አይበቃም?

ለመነሻ ይበቃል። ችግሩ ሁለት ነው። በመጀመሪያ ስልኩ የግል ስለሆነ ለልጅ አሳልፎ መስጠት ይከብዳል፤ መምህሩ ራሱ አንሺ ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ልጁ ያው ተመልካች ነው። ሁለተኛው የልጆች ፎቶ ከመምህሩ የቤተሰብ ፎቶ ጋር ተደባልቆ ይቀመጣል፤ ስልኩ ቢጠፋ ወይም ቢሸጥ ፎቶዎቹም አብረው ይሄዳሉ። ቢያንስ የትምህርት ቤቱን ፎቶ ለብቻው በሚወጣ ካርድ ላይ አስቀምጡ። ተማሪዎች ስልክ ይዘው እንዲመጡ ማድረግን አልመክርም፤ ያለውና የሌለው ልጅ ፊት ለፊት ይለያያሉ።

አንድ ካሜራ ለስድሳ ተማሪ እንዴት ይዳረሳል?

ክፍሉን በስድስት ስድስት ልጆች ቡድን ክፈሉ። በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚወጣው አንድ ቡድን ነው፤ ሌሎቹ የየራሳቸውን የቀረጻ ዕቅድ በደብተራቸው ላይ በሥዕል ይነድፋሉ፣ ወይም ባለፈው ጊዜ ባነሡት ፎቶ ላይ ይጽፋሉ። በቡድኑ ውስጥ ካሜራ ያዥ፣ ጠያቂ፣ መዝጋቢ፣ ጊዜ ጠባቂ፣ ዕቃ ተሸካሚና ጸጥታ አስከባሪ ይኑር። ኃላፊነቱ በየሳምንቱ ይዙር፤ የማን ተራ እንደሆነም ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ተራው ካልተጻፈ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ደፋሩ ወንድ ልጅ ካሜራውን ይይዛል፤ ሴቶቹ «አንሱን» እያሉ ይቆማሉ። ይህን ዝም ብሎ ማለፍ ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ። በአፉ የማይናገር ዓይን አፋር ልጅም ካሜራ ሲይዝ ሲነቃ ስላየሁ፣ የመጀመሪያውን ተራ ለእርሱ ብትሰጡት ደስ ይለኛል።

ከስንተኛ ክፍል ይጀመር?

ፎቶ ከ1ኛ ክፍል። ማሰሪያውን አንገታቸው ላይ ያጥልቁ፣ በሁለት እጅ ይያዙ፣ ሌንሱን በጣት አይንኩ፤ ለዚያ ዕድሜ ከዚህ ሌላ ሕግ አያስፈልግም። ቪዲዮ ግን ቅደም ተከተል ማሰብን ስለሚጠይቅ ከ3ኛ ወይም ከ4ኛ ክፍል ቢሆን ይመረጣል።

በየትምህርት ዓይነቱ ምን እናሠራ?

በብዛት የምጠየቀው ይህ ነው።

ለ1ኛ ክፍል አማርኛ ፊደል ይዘው ይውጡ። «ገ»ን የያዘው ቡድን ገብስ፣ ገመድ፣ ገደል እያለ የሚጀምርበትን ነገር ፈልጎ ያነሣል። ፎቶዎቹ ታትመው ወይም በኮምፒውተር ሲታዩ የክፍሉ የራሱ የፊደል ገበታ ይሆናሉ። ከመጽሐፉ ሥዕል ይልቅ ልጁ የራሱን ደጅ ገብስ ቶሎ ያነባል።

በአካባቢ ሳይንስ እጅግ የምወደው የቦሎቄው ሥራ ነው፤ ለእኛ ለሰሜን ሸዋ ዞን የተፈጠረ ይመስለኛል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ። በሁለቱም ከተሞች ያሉ ሁለት ክፍሎች ከአንድ ከረጢት የተከፈለ ቦሎቄ ይውሰዱ፤ በአንድ ቀን በብርጭቆ ውስጥ በእርጥብ ጨርቅና በብርጭቆው ግድግዳ መካከል ያስቀምጡት። ከጎኑ ማስመሪያ ይቁም። ካሜራው የሚቀመጥበት ቦታ ዴስኩ ላይ በጠመኔ ይከበብ፤ ሁልጊዜ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ ከዚያው ቦታ አንድ ፎቶ ይነሣ። ቦሎቄ ሙቀት ስለሚወድ የሸዋ ሮቢቱ ቀድሞ ሥር ያወጣል፤ የደብረ ብርሃኖቹ ልጆች በየቀኑ እያዩ ይጠብቃሉ። ፎቶዎቹን በቴሌግራም ይለዋወጡና ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። በማስመሪያው ላይ የሚታየውን ሚሊ ሜትር እያነበቡ ሠንጠረዥ ይሠራሉ፣ ግራፍ ይስላሉ። ደጋና ቆላ በመጽሐፍ የተጻፈ ትርጉም መሆኑ ይቀርና ዓይናቸው ያየው የቁመት ልዩነት ይሆናል። ፎቶዎቹን በፍጥነት እያከታተሉ ሲያሳዩአቸው ደግሞ ቡቃያው አንገቱን ቀና ሲያደርግ ይታያል፤ ያን ጊዜ የሚሰማውን የልጆች ጩኸት የሚያውቀው ያስተማረ ብቻ ነው።

ለመንዝ ትምህርት ቤቶች ባና፣ ማለትም ከበግ ጠጉር የሚሸመነውን ብርድ ልብስ፣ ማንሣት አለ። የበግ ጠጉር ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ ይነደፋል፣ ይፈተላል፣ ይሸመናል። እያንዳንዱን ደረጃ አንድ ቡድን ይቅረጽ። በተለይ ፈታይዋ እንዝርቱን ስታሾር እጇን በቅርብ መቅረጽ ያስፈልጋል፤ የግራ እጇ ጠጉሩን ምን ያህል እንደሚለቅ፣ ክሩ ሲቀጥን መቼ እንደምታቆም ከሩቅ አይታይም። ልጆቹ ቪዲዮውን እያስቆሙ የአሠራር ቅደም ተከተሉን ይጽፋሉ። የጻፉት ይነበብላትና ፈታይዋ ታርመው። የክፍሉ መምህርት ያን ዕለት እርሷ ናት።

በጣርማ በርና በጓሳ አቅራቢያ ላላችሁ ጭላዳ ዝንጀሮ አለላችሁ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ በዓለም የትም በዱር አይገኝም፤ ዋና ምግቡም ሣር ነው። ከሩቅ ሳትረብሹት የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጹና በክፍል ውስጥ በዝግታ አጫውቱት። በደቂቃ ስንት ጊዜ ሣር ይነጫል? በቀኝ እጁ ብቻ ነው ወይስ በሁለቱም? ሲቀመጥ እንዴት ይንቀሳቀሳል? በዓይን ሲታይ የሚያመልጠው ነገር በቪዲዮ ተመልሶ ይቆጠራል፤ ሒሳቡም ሳይንሱም እዚያው ነው።

ንባብን በተመለከተ ልጁ አንድ አንቀጽ ሲያነብ በመስከረም ቅረጹት፤ ያንኑ አንቀጽ በጥር ያንብብ። ሁለቱን ለእርሱና ለወላጁ ብቻ አሳዩ። በክፍል ፊት ማሳየት የሚያሸማቅቀው ልጅ አይጠፋም።

ፎቶው ይጨልማል፣ የቪዲዮው ድምፅ አይሰማም። ምን እናድርግ?

ብዙ ክፍሎቻችን መስኮታቸው ትንሽ ነው፤ ተማሪው ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ከቆመ ፊቱ ጥላ ብቻ ይሆናል። ዞሮ ወደ መስኮቱ ይመልከት፤ አንሺው ጀርባውን ለብርሃኑ ይስጥ። ይኸው ነው። ከቤት ውጭ ከሆነ የረፋድ ወይም የተሲያት ብርሃን ከቀትሩ ይሻላል። እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ክንድን ከጎን ማጣበቅ፣ ወይም ካሜራውን በድንጋይ ካብ ላይ ማስደገፍ በቂ ነው።

ድምፅ ግን ከምስል ይብሳል። የካሜራ ማይክሮፎን ቅርብ ያለውን ስለሚያነሣ ተናጋሪው አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ይቁም። የደብረ ብርሃን ነፋስ ቃለ መጠይቁን ጠራርጎ ይወስደዋል፤ ከግድግዳ ጥግ፣ ነፋሱ በማይደርስበት በኩል ቅረጹ። ዙም አትጠቀሙ፤ በእግር ቅረቡ። አርቆ የሚስበው ምስሉን እንጂ ድምፁን አይደለም።

ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሳለ ጠዋት ጠዋት ለምን ይጠፋል?

ከብርዱ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ባትሪው ውስጥ ያለው ኬሚካላዊ ሂደት ይዘገያል፤ ሲሞቅ ኃይሉ ይመለሳል። ካሜራው እስኪፈለግ ባትሪውን አውጥታችሁ በኮት የውስጥ ኪስ ያዙት። ከጭጋግና ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ስትገቡ፣ ወይም ከደብረ ብርሃን በመኪና ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ደግሞ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይይዛል። ካሜራውን በላስቲክ ጠቅልላችሁ እንደተዘጋ የክፍሉን ሙቀት እስኪለምድ ጠብቁ። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ማታ መብራት ሲመጣ ቻርጅ የሚያደርግ አንድ ኃላፊ ይመደብ፤ በጋራ የሚታሰብለት ነገር የሚያስታውሰው የለም።

ፎቶው ላይ የሚወጣው ቀንና ሰዓት ከእኛ አይገጥምም

ካሜራው የሚቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ሰዓቱ ደግሞ በስድስት ይለያል፤ 14:30 የሚለው ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነው። ልጆቹ ራሳቸው እያሰሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ደብተራቸው ላይ ይጻፉት፤ ከ4ኛ ክፍል በላይ ጥሩ የሒሳብ ጥያቄ ይሆናል። የካሜራው ሰዓት መጀመሪያ በትክክል መሞላቱን ግን አረጋግጡ፤ ባትሪው ለረዥም ጊዜ ሲወጣ ወደ መነሻው የሚመለስ አለ።

ካርዱ ቶሎ ይሞላል። ስንት ቪዲዮ ይይዛል?

በፉል ኤችዲ (1080 በሚባለው ጥራት) የተቀረጸ አንድ ደቂቃ በተለመዱት ካሜራዎች 120 ሜጋ ባይት ገደማ ይወስዳል። 16 ጊጋ ባይት ካርድ ሁለት ሰዓት ያህል ይይዛል ማለት ነው። ጥራቱን ወደ 720 ዝቅ ካደረጋችሁት ጊዜው በእጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ ለክፍል ይበቃል። ከዚህ ይልቅ የሚጠቅመው አጭር መቅረጽ ነው። አንድ ቀረጻ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ። ልጆች አንድ ጊዜ ከጀመሩ ስለማያቆሙ ጊዜ ጠባቂው እጁን ያውጣላቸው።

ማቀናበር አንችልም፤ ኮምፒውተራችንም ደካማ ነው

ሳታቀናብሩ ሥሩ። ቡድኑ አምስት ቀረጻዎችን በወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ይሳል፤ ከዚያ በተሳለው ቅደም ተከተል ብቻ ይቅረጽ። ካርዱ ላይ ያለው እንዳለ ሲጫወት ታሪክ ይሆናል። ይህ መንገድ ልጆቹን አስቀድመው እንዲያስቡ ስለሚያስገድዳቸው ኮምፒውተር ላለው ትምህርት ቤትም እመክረዋለሁ። ማቀናበር ከፈለጋችሁ ሾትካትና ኦፕንሾት በነጻ የሚገኙ ናቸው፤ አንዴ ከተጫኑ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። የአማርኛ ጽሑፍ ሳጥን ሳጥን እየሆነ ከወጣባችሁ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ የተባለውን የፊደል ዓይነት (ፎንት) ምረጡ።

ፈቃድ ማን ይጠየቃል?

ልጁም ወላጁም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ በአንቀጽ 36 የሕፃናትን መብት ይጠብቃል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ሕጉ ባይኖር እንኳ ልጁ የሰው ልጅ ነው፤ የተቀደደ ልብስ ለብሶ የመጣበትን ቀን ማንም እንዲያይበት አይፈልግ ይሆናል።

ቅጹን በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ድምፅ ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት፤ ማንበብ የማይችል ወላጅ ምን ላይ እንደሚፈርም ይወቅ። ሁለት ጥያቄ ለየብቻ ይኑረው፦ ፎቶው በክፍል ውስጥ ይታይ? ከትምህርት ቤቱ ውጭስ ይውጣ? ለመጀመሪያው እሺ ያለ ሁሉ ለሁለተኛው እሺ አላለም። ያልተፈቀደለት ልጅ አንሺ ይሆናል እንጂ ከሥራው አይገለልም።

ልጆች አረጋውያንን ሊያነሡ ሲሄዱ መጀመሪያ ካሜራው በጀርባ ይያዝ። «እንደምን ዋሉ እማማ?» ይባላል፤ ስለ ምን እንደመጡ ይነገራል፤ እሺ ከተባለ ብቻ ይነሣል፤ ከተነሣም በኋላ ስክሪኑ ላይ ይታያል። እማማ «ይጥፋ» ካሉ እዚያው ፊታቸው ይጥፋ። በቤተ ክርስቲያን ግቢ ከደብሩ አስተዳዳሪ፣ በመስጊድ ከኢማሙ ሳይጠየቅ ምንም አይነሣ፤ ጥንታዊ ሥዕል ላይ ብልጭታው ይዘጋ። ኬላና የጸጥታ አካላት ባሉበት አካባቢ ካሜራው ከቦርሳ አይውጣ።

የልጆቹን ሥራ በፌስቡክና በቴሌግራም መለጠፍ እንችላለን?

ቦሎቄውን፣ ባናውን፣ ጭላዳውን ለጥፉ። ፊት የሚታይበትን ግን ሁለተኛውን ፈቃድ ሳታገኙ አትለጥፉ፤ ብታገኙም የልጁ ስም፣ ክፍልና ትምህርት ቤት በአንድ ላይ አይጻፍ። ስልክ ፎቶ ሲያነሣ ቦታውን አብሮ ሊመዘግብ ስለሚችል በካሜራው ማስተካከያ ውስጥ ይህን አጥፉት። ቴሌግራም ፎቶን ጨፍልቆ ስለሚልክ ለማተም የምትፈልጉትን እንደ ፋይል ላኩት።

ውጤት በምን ይሰጣል?

በፎቶው ውበት አይሰጥም። ልጁ ምን እንደመረጠ፣ ለምን እንደመረጠ፣ ምን እንዳስተዋለ በቃልና በጽሑፍ ሲያስረዳ ይመዘን። የደበዘዘ ፎቶ ይዞ መጥቶ «ግልገሉ ስለዘለለ ነው፤ ብርሃኑ ትንሽ ስለነበር ካሜራው ዘገየ» ያለ ልጅ ሙሉ ውጤት ይገባዋል።

ዓመቱ ሲያልቅ ፎቶዎቹና ካሜራው ምን ይሁኑ?

የሚቀመጠውን ከመለየታችሁ በፊት ወላጆችን ጠይቁ፤ ይጥፋልን የሚሉት ይጥፋ። የቀረው በሁለት ቦታ፣ አንዱ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ሌላው በጉድኝት ማዕከሉ በተቆለፈ ቦታ ይቀመጥ። መገልበጡ ሲረጋገጥ ካርዱን በራሱ በካሜራው ላይ ፎርማት አድርጉት። የክረምቱ እርጥበት በሌንስ ውስጥ ሻጋታ ስለሚያበቅል ካሜራው በደንብ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ከሚወጡት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር ይግባ። ባትሪ ድንጋዮቹንም አውጡና ለብቻ አስቀምጧቸው፤ ውስጡ ከከረሙ ፈሳሻቸው ወጥቶ የመገናኛ ብረቱን ይበላዋል።